ትምህርት ቤቱ ይህን ስም ያገኘው መቼ ነው?

ሰሜን ቨርጂኒያ እየኖረ ስፕሪንግፊልድን የማያውቅ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። እዚያ ሰፈር አንድ ሃይስኩል አለ። እስከ 2020 ድረስ ስሙ ሮበርት ኢ. ሊ ነበር። ሰው ሁሉ በአጭሩ "ሊ" ይለው ነበር። ወላጅ ፎርም ሲሞላ "ሊ" ብሎ ይጽፍ ነበር። ልጅ "ሊ" የሚል ሹራብ ለብሶ የጠዋት አውቶቡስ ይጠብቅ ነበር። እኔም ለዓመታት በዚያ ስመላለስ ስሙን አነብና አልፍ ነበር። ሰውየው ማን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ሊ፣ ባርነት እንዳይነካባቸው ብለው ከአሜሪካ የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች፣ ማለትም የኮንፌዴሬቶቹ፣ ዋና የጦር መሪ ነበር።

እስቲ አስቡት። ጥቁር ልጅ ያንን ስም ደረቱ ላይ አድርጎ ሜዳ ይገባል። ጓደኞቹ ስሙን እየጠሩ ይጮኹለታል። አራት ዓመት ለፍቶ ሲመረቅ ዲፕሎማው ላይ የሚያገኘውም ያንኑ ስም ነው።

በኮንፌዴሬቶች ስም የተጠሩ ትምህርት ቤቶች ስማቸው መለወጡን ከሐበሻ ጋር ሳወራ ቶሎ የሚመጣብኝ ጥያቄ "ታሪክ ለምን ይፋቃል?" የሚል ነው። ጥያቄው ከንቱ አይደለም። እኛም የስም ለውጥ አይተናል። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ እቴጌ መነን ትምህርት ቤት የካቲት 12 ተባለ። ተፈሪ መኮንን እንጦጦ ሆነ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬም "መነን ነው የተማርኩት" የሚሉ እናቶች አሉ። መንግሥት ሲለወጥ ስም አብሮ ሲለወጥ ያየ ሰው፣ ስም ሊቀየር ነው ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ስለዚህ ጥያቄውን በቁም ነገር ልመልሰው እፈልጋለሁ። መልሴ ግን ከሌላ ጥያቄ ይጀምራል። ለመሆኑ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ስማቸውን ያገኙት መቼ ነው?

የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተካሄደው ከ1861 እስከ 1865 ነው። ሊ እጁን የሰጠው በኤፕሪል 1865 ነው። የስፕሪንግፊልዱ ሊ ሃይስኩል የተከፈተው ግን በ1958 ነው። ከ93 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ፎልስ ቸርች አካባቢ፣ የሐበሻ ምግብ ቤትና ሱቅ ከሞላበት ቤይሊስ ክሮስሮድስ ብዙም ሳይርቅ፣ በኮንፌዴሬቱ የፈረሰኛ ጦር ጄኔራል በጄብ ስቱዋርት የተሰየመው ሃይስኩል በ1959 ተከፈተ። ቨርጂኒያ ሸናንዶዋ ካውንቲ ያለው፣ በሌላው የኮንፌዴሬት ጄኔራል የተሰየመው ስቶንዎል ጃክሰን ሃይስኩልም በ1959። ፍሎሪዳ ጃክሰንቪል ውስጥ ደግሞ ናታን ቤድፎርድ ፎረስት ሃይስኩል፣ እሱም በ1959። ፎረስት በሜምፊስ ሰው እየገዛ እየሸጠ የከበረ ነጋዴ ነበር። ከጦርነቱ በኋላም ኩ ክለክስ ክላን የተባለው፣ ጥቁሮችን የሚያሸብር የነጮች ቡድን የመጀመሪያው መሪ ሆነ። አላባማ ሞንትጎመሪ ውስጥ ሊ ሃይስኩል የተከፈተው በ1955 ነው። ሮዛ ፓርክስ አውቶቡስ ላይ ለነጭ አልነሳም ያለችው በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ዓመት ነው።

እውነት ነው፣ ሁሉም የዚያ ዘመን አይደሉም። የአርሊንግተኑ ዋሽንግተን-ሊ የተከፈተው በ1925 ነው። ሆኖም ከላይ የጠራኋቸው ትምህርት ቤቶች በአምስት ዓመት ውስጥ ተከታትለው የመጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። በሜይ 1954 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለያይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ብራውን የሚባለው ዝነኛ ፍርድ ነው። የቨርጂኒያ ባለሥልጣናት ይህን ፍርድ ላለመቀበል ማሉ። በ1956 ሴናተር ሃሪ ባይርድ "ግዙፍ ተቃውሞ" የሚል ዘመቻ ከፈተ። በ1958 መስከረም ላይ የግዛቲቱ ገዥ፣ ጥቁር ተማሪ እንዲቀበሉ የታዘዙ ትምህርት ቤቶችን መዝጋት ጀመረ። መጀመሪያ የተዘጋው የዋረን ካውንቲ ሃይስኩል ነው። ሻርሎትስቪልና ኖርፎክ ተከተሉ። ጥቁር ልጅ አጠገብ ከሚቀመጥ ነጩም ሳይማር ይቅር ማለት ነው። ዋረን ካውንቲ ደግሞ የሸናንዶዋ ካውንቲ ጎረቤት ነው። እዚያ ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት እዚህ የሚከፈተው አዲስ ሃይስኩል ስቶንዎል ጃክሰን ተባለ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። የእነዚህን ግን ሰዎች ናቸው ያወጡት፤ ለማን መልእክት እንደሚያስተላልፉም ያውቁ ነበር። በሩ ላይ የተጻፈውን ስም ያነበበ ጥቁር ወላጅ፣ ትምህርት ቤቱ የማን እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህን ሁሉ የሚያስረዳኝ አንድ ታሪክ አለ። ትንሽ ልቆይበት።

ፋርምቪል የምትባል የቨርጂኒያ ትንሽ ከተማ አለች፣ ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ውስጥ። በ1951 የከተማዋ ጥቁር ልጆች ሞተን በሚባል ሃይስኩል ይማሩ ነበር። ሕንፃው የተሠራው ለ180 ያህል ተማሪ ነው። የሚማሩበት ከ450 በላይ ነበሩ። ቦታ ሲጠብ የትምህርት ቦርዱ ያደረገው፣ ግቢው ውስጥ የእንጨት ዳሶች አቁሞ ሬንጅ በተቀባ ወረቀት መሸፈን ነው። ዝናብ ያፈሳል። ክረምት ላይ ምድጃው አጠገብ ያለው ልጅ ይቃጠላል፤ ራቅ ያለው ኮቱን ሳያወልቅ ይማራል። የነጮቹ ትምህርት ቤት ጂምናዚየምና ካፍቴሪያ አለው። የእነሱ የለውም።

ባርባራ ጆንስ ያኔ 16 ዓመቷ ነው። ኤፕሪል 23 ቀን ጠዋት ለርእሰ መምህሩ ስልክ ተደወለ፦ ተማሪዎችህ ከተማ ውስጥ ችግር ገጥሟቸዋል፣ ድረስ። ሰውየው ሮጦ ወጣ። የደወሉት ራሳቸው የባርባራ ጓዶች ናቸው። ወዲያው በእሱ ስም የተጻፈ ማስታወሻ በየክፍሉ ዞረ፤ ሁሉም አዳራሽ ይሰብሰብ ይላል። መጋረጃው ሲከፈት መድረኩ ላይ የቆመችው ባርባራ ነበረች። መምህራኑ እንዲወጡ ጠየቀች። ጫማዋን አውልቃ አግዳሚውን መታች። ከዚያ ተማሪውን ሁሉ ይዛ ወጣች።

አድማው ሁለት ሳምንት ቆየ። ልጆቹ መጀመሪያ የፈለጉት ደህና ሕንፃ ነበር። ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው የኤንኤኤሲፒ ድርጅት ጠበቆች መጥተው ግን "ልዩነቱ ራሱ ይቅር ብላችሁ ካልጠየቃችሁ አንይዝላችሁም" አሉ። ልጆቹ ተስማሙ። 117 ተማሪዎች ከሰሱ። ብራውን ከሚባለው ፍርድ ጋር ተጠቃለው ከታዩት አምስት ክሶች አንዱ ይህ ነው። ተማሪዎች ራሳቸው ያስነሱት ክስም እሱ ብቻ ነው።

ካውንቲው ምን አደረገ? በ1959 ሁሉንም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ዘጋ። እስከ 1964 ድረስ አልከፈተም። ነጭ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። ጥቁሮቹ ግን አምስት ዓመት ሙሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው አደጉ፤ ብዙዎቹም ለዓመታት ክፍል አላዩም። አምስት ዓመት! አንደኛ ክፍል ሊገባ የነበረ ልጅ፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ሲከፈትለት አሥራ አንድ ዓመቱ ነው።

እንግዲህ ቀኑን ልብ በሉ። ፕሪንስ ኤድዋርድ በሩን የዘጋበት ዓመትና ፌርፋክስ ካውንቲ "ጄብ ስቱዋርት" የሚል ስም በር ላይ የሰቀለበት ዓመት አንድ ነው። 1959።

ስለዚህ "ታሪክ ተፋቀ" ለሚለኝ ሰው መልሴ ይኸው ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው ስም የ1861ን ታሪክ ለማስተማር አልተሰቀለም። የ1954ን ፍርድ ለመቃወም ነው የተሰቀለው። ስሙ የወረደ ቀን የጦርነቱ ታሪክ ከመጽሐፍ አልወጣም። ይልቅ ብዙ ሰው ያንን የ1950ዎቹን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማው በስሙ ክርክር ምክንያት ነው። እኔም አንዱ ነኝ።

ኮንፌዴሬቶቹ የተዋጉት ለባርነት ሳይሆን ለክልላቸው መብት ነው የሚል ክርክርም አለ። ይህን እነሱው ራሳቸው መልሰውታል። የኮንፌዴሬሽኑ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ በማርች 1861 ሳቫና ላይ ባደረገው ንግግር፣ የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አይደለም የሚለው እውነት ነው ብሏል። የተፈጥሮ ቦታውም ባርነት ነው አለ። ሚሲሲፒ ስትገነጠል ባወጣችው መግለጫ አቋሟ ከባርነት ሥርዓት ጋር ፍጹም የተቆራኘ መሆኑን ጽፋለች። ከዚህ በላይ ግልጽ አማርኛ የለም።

ደግሞ ሊ ራሱ ከጦርነቱ በኋላ የመታሰቢያ ሥራ ላይ እንዲገኝ ተጠይቆ፣ የጦርነት ቁስል ከመቆስቆስ መተው ይሻላል ብሎ በ1869 ጽፏል። ስሙን ትምህርት ቤት ላይ የሰቀሉት ይህን ምክሩን አልሰሙትም።

የሌላውን ወገን ስሜት ግን ዝም ብዬ አላልፍም። ስቱዋርት በ1861 ፎልስ ቸርች አጠገብ ማንሰንስ ሂል ላይ ከነጦሩ ሰፍሮ ነበር። ጃክሰንም በ1862 በሸናንዶዋ ሸለቆ ነው የተዋጋው። ለአካባቢው ሰው የሩቅ ስሞች አይደሉም። ከዚያ ትምህርት ቤት ተመርቆ፣ እዚያው ሚስቱን አግኝቶ፣ ልጁንም እዚያው ያስተማረ ሰው "ስቶንዎል" ሲል የሚታየው ጄኔራሉ ላይሆን ይችላል። የወጣትነቱ አርብ ማታ፣ የኳስ ሜዳው መብራት ይሆናል የሚታየው። ይህ ስሜት እውነተኛ ነው። ችግሩ፣ ያው ስም ለሌላው ልጅ ሌላ ነገር ይለዋል። የመንግሥት ትምህርት ቤት ደግሞ የሁለቱም ነው።

ለውጡ የመጣው በአንዴ አይደለም። ጃክሰንቪል ፎረስትን አውርዳ ትምህርት ቤቱን ዌስትሳይድ ያለችው በ2014 ነው። ያኔ ከተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ ጥቁሮች ነበሩ። በጁን 2015 አንድ ነጭ ወጣት ቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ላይ የነበሩ ዘጠኝ ጥቁሮችን ገደለ። ከኮንፌዴሬት ባንዲራ ጋር የተነሳው ፎቶ ወጣ። አገር ተናወጠ። በ2016 ሳውዘርን ፖቨርቲ ሎው ሴንተር የተባለው ድርጅት ቆጥሮ በኮንፌዴሬቶች ስም የሚጠሩ 109 የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አገኘ። በኦገስት 2017 የሊ ሐውልት አይነሳ ያሉ ነጭ ዘረኞች ሻርሎትስቪል ላይ ሰልፍ ወጥተው ሰው ተገደለ። በ2020 ጆርጅ ፍሎይድ ተገደለ። በእያንዳንዱ ሐዘን ማግስት ጥቂት ስሞች ይወርዱ ነበር።

የፎልስ ቸርቹን ያስጀመሩት ተማሪዎችና የድሮ ተመራቂዎች ናቸው። ተዋናይቷ ጁሊያን ሙር እዚያ ተምራለች፤ በ2015 ፊርማ ከሚያሰባስቡት አንዷ ሆነች። ከ35 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ። ቦርዱ ብዙ ከተከራከረ በኋላ በ2017 "ጀስቲስ" የሚለውን መረጠ፤ ፍትሕ ማለት ነው። ስሙ ሦስት ሰዎችን እንዲዘክር ተባለ። አንዱ የብራውንን ክስ ለጥቁሮቹ የተሟገተው ጠበቃ ተርጉድ ማርሻል ነው። አንዱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጋውና ኋላ ለትምህርት የሠራው ኮሎኔል ሉዊስ ሜንዴዝ ነው። ሦስተኛዋ ባርባራ ጆንስ ናት። ትምህርት ቤቱ አዲሱን ስም ይዞ በ2018 ተከፈተ።

ሁሉም ቦታ እንዲህ አላማረም። ሳን አንቶኒዮ በ2017 "ሮበርት ኢ."ን አስቀርታ "ሊ"ን ግን በአሕጽሮት መልክ መልሳ አመጣችው፤ ፊደሎቹ "የትምህርት ልቀት ቅርስ" የሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ መነሻ ናቸው ተባለ። በእኔ እምነት ይህ ልጆችን ማታለል ነው። ልጅ ደግሞ ይገባዋል። የፌርፋክሱን ውድሰን ሃይስኩል ግን በተለየ ዓይን አየዋለሁ። የድሮው ውድሰን የካውንቲው የትምህርት ኃላፊ የነበረና የጥቁርና ነጭን አብሮ መማር የተቃወመ ሰው ነው። በ2024 ትምህርት ቤቱ "ካርተር ጂ. ውድሰን" ሆነ፤ የጥቁሮችን ታሪክ ጥናት ያቋቋመው ምሁር ማለት ነው። እዚህ ያለው ስሙ ብቻ አይደለም፣ ሰውየውም ተቀይሯል። ፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ ደግሞ የራሱን ስቶንዎል ጃክሰን በ2020 አውርዶ "ዩኒቲ ሪድ" አለው። አርተር ሪድ በዚያው ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ በጥበቃ የሠራ ጥቁር ሰው ነው። በጄኔራል ቦታ የጥበቃ ሠራተኛ! ይህን ምርጫ በጣም እወደዋለሁ። ልጆቹን በየጠዋቱ በር ላይ የሚቀበላቸው እንዲህ ያለ ሰው ነውና።

አሌክሳንድሪያ የኮንፌዴሬት ጉዳይ አልነበረም፣ ግን የቅርብ ዘመዱ ነው። ቲ.ሲ. ዊሊያምስ ሃይስኩል የተሰየመበት ሰው የከተማው የትምህርት ኃላፊ ነበር። በ1958 አንዲት ጥቁር የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ልጆቼ ከነጮች ጋር ይማሩልኝ ብላ ክስ ውስጥ ስለገባች ከሥራ አባረራት። በ2021 ስሙ ወርዶ አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ተባለ። ያ ትምህርት ቤት የሐበሻ ልጅ የሞላበት ነው። የከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ለወላጅ የሚልከውን መረጃ በአማርኛም ያወጣል። የእኛ እናቶች ልጅ የሚልኩበት በር ላይ፣ አንዲትን እናት ለልጆቿ ስለተሟገተች ያባረረ ሰው ስም ነበር ማለት ነው።

ጉዳዩ አልቋል ብሎ የሚያስብ ካለ ሸናንዶዋን ይመልከት። የዚያ ካውንቲ ቦርድ በጁላይ 2020 ስቶንዎል ጃክሰን እንዲወርድ ወሰነ፤ በኋላም ማውንቴን ቪው አለው። ብዙ ነዋሪ "በኮቪድ ተከልለን ሳንሰማ ወሰኑብን" ብሎ አኮረፈ። ቅሬታው መሠረት አለው፤ የስም ለውጥ ሰውን አስቀምጦ ማናገር ይፈልጋል። በ2022 ስሙን ለመመለስ ተሞከረ። ድምፁ ሦስት ለሦስት ሆኖ ወደቀ። ከዚያ የቦርድ ምርጫ መጣና አባላቱ ተቀየሩ። በሜይ 2024፣ እኩለ ሌሊት ያለፈ ስብሰባ ላይ፣ አምስት ለአንድ በሆነ ድምፅ የጃክሰን ስም ተመለሰ። የቨርጂኒያ ኤንኤኤሲፒና ተማሪዎች ከሰሱ። በሴፕቴምበር 2025 የፌዴራል ዳኛ ቦርዱ የተማሪዎቹን ሐሳብን የመግለጽ መብት ጥሷል ብሎ ፈረደ። ነገሩ ማልያው ነው። ኳስ መጫወት የፈለገ ልጅ፣ የማያምንበትን ስም ደረቱ ላይ ተሸክሞ እንዲዞር ሊገደድ አይገባም።

በኮንፌዴሬቶች ስም የተጠሩት የጦር ሰፈሮችም እንዲሁ ተመላልሰዋል። ቨርጂኒያ ያለው ፎርት ሊ በ2023 በሁለት ጥቁር መኮንኖች ስም ፎርት ግሬግ-አዳምስ ተብሎ ነበር። በ2025 ወደ ፎርት ሊ ተመለሰ፤ አሁን ግን ስሙ የጄኔራሉ ሳይሆን ፊትዝ ሊ የሚባል የጥቁር ወታደር ነው ተባለ። ፊትዝ ሊ ጀግና ነው፣ ክብር ይገባዋል። የተመረጠው ግን በጀግንነቱ ሳይሆን በአያት ስሙ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ወደ ስፕሪንግፊልድ ልመለስ። የፌርፋክስ ቦርድ ሊን አውርዶ ጆን አር. ሉዊስን የመረጠው በጁላይ 2020፣ ሉዊስ ባረፈ በስድስተኛው ቀን ነው። ሉዊስ በማርች 1965 አላባማ ሴልማ ውስጥ ለጥቁሮች የመምረጥ መብት ሰልፍ ሲወጣ ድልድይ ላይ ጭንቅላቱ እስኪሰነጠቅ የተደበደበው፣ በኋላም የኮንግረስ አባል የሆነው ነው። ያ ድልድይ ኤድመንድ ፔተስ በሚባል የኮንፌዴሬት መኮንንና የክላን መሪ ስም ነው የሚጠራው። ዛሬም አልተቀየረም። ሉዊስ ራሱም በ2015 አይቀየር ብሎ ጽፎ ነበር። መጀመሪያ ሳነብ ግራ ገባኝ። ቆይቶ ግን ተረዳሁት። ድልድዩን ሰው የሚያውቀው በፔተስ አይደለም፤ በተራመዱበት ሰዎች ነው። ደማቸው ስሙን ቀይሮታል። ትምህርት ቤት ግን ሌላ ነው። ማለፊያ ሳይሆን መዋያ ነው። ልጅ በየቀኑ ስሙን የራሱ አድርጎ "እኔ የእንትና ተማሪ ነኝ" ይላል።

የማውቃት አንዲት እናት ሁለት ልጆቿን እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለች። ትልቁ በ2016 ተመረቀ፤ ትንሿ በ2022። ሳሎኗ ውስጥ ከሥዕለ ማርያሙ ዝቅ ብሎ ሁለት ዲፕሎማ ጎን ለጎን ተሰቅሏል። አንዱ "ሮበርት ኢ. ሊ" ይላል፣ ሌላው "ጆን አር. ሉዊስ"። ባለፈው ለቡና ሄጄ ሳየው ትልቁ ልጅ መጥቶ ነበር። "እማዬ፣ የኔን አውርጂው፣ ስሙ ያስጠላል" አላት። ረከቦቱን ወደ ራሷ ሳብ እያደረገች "አንተ የለፋህበት ነው፣ አይወርድም" አለችው። ከዚያ እህቱ ተነስታ፣ በ2016 ትምህርት ቤቱ ለምን እንደዚያ ይባል እንደነበር ለእናቷ በአማርኛ ማስረዳት ጀመረች። እናትየው ሲኒ እንደያዘች ሰማቻት። ሁለተኛው ቡና እስኪቀርብ አላቋረጠቻትም።